የጉበት ኢንዛይም ምርመራ፦ ከደም መስጠት እስከ ውጤት ማንበብ

ሐኪም «ኤልኤፍቲ» (የጉበት ምርመራ) ብሎ ጽፎ ወደ ላቦራቶሪ ልኳችኋል እንበል። ወይም ለሌላ ጉዳይ ስትመረመሩ «የጉበት ኢንዛይማችሁ ከፍ ብሏል» ተብላችኋል። እኔ የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ውጤት ለመውሰድ መስኮቱ ጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ፦ «ጉበቴ ደህና ነው?» ወረቀቱ ብቻውን ይህን አይመልስም። ግን በደንብ ተዘጋጅታችሁ ከመጣችሁ፣ ደሙ በትክክል ከተቀዳ፣ ቁጥሮቹም ተነጣጥለው ሳይሆን አንድ ላይ ከተነበቡ ብዙ ይናገራል። እንግዲህ ከቤት እንጀምር።

ከዚያ በፊት ግን ስሞቹን እንወቅ

ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ኢንዛይሞች አሉ። ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ የጉበት ሕዋስ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። ብዙ ላቦራቶሪዎች አሁንም በድሮ ስማቸው ይጽፏቸዋል፦ ኤስጂፒቲ ማለት ኤኤልቲ ነው፣ ኤስጂኦቲ ማለት ኤኤስቲ ነው። አንዱ ሆስፒታል በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ስም ስለጻፈ የተለያየ ምርመራ የተደረገላቸው የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አንድ ነው።

ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። ኤኤልቲ በብዛት የሚገኘው ጉበት ውስጥ ነው። ኤኤስቲ ግን በልብ፣ በጡንቻ፣ በቀይ የደም ሕዋስም ውስጥ አለ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1954 ኤኤስቲ ከፍ ማለቱ መጀመሪያ የተዘገበው ድንገተኛ የልብ ድካም (ኸርት አታክ) በደረሰባቸው ሰዎች ደም ላይ ነበር። ወደ ጉበት ምርመራ የመጣው ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ኤኤስቲ ብቻውን ከፍ ብሎ ኤኤልቲ ደህና ከሆነ፣ ጉበትን ከመክሰስ በፊት ጡንቻውንና የናሙናውን ጥራት ማየት ይገባል።

ሌሎቹ ሁለቱ ኤኤልፒ እና ጂጂቲ ናቸው። እነዚህ ይበልጥ የሚናገሩት ስለ ሐሞት መውረጃው ነው። ሐሞት በጠጠር፣ በእብጠት ወይም በሌላ ነገር መሄጃ ሲያጣ ከፍ ይላሉ።

ወረቀቱ ላይ ቢሊሩቢንና አልቡሚንም ልታዩ ትችላላችሁ። እነዚህ ኢንዛይም አይደሉም። ቢሊሩቢን ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ነገር ነው። አልቡሚን ደግሞ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ልዩነቱን ያዙልኝ፦ ኢንዛይሞቹ «ጉዳት አለ ወይ?» የሚለውን ይመልሳሉ። አልቡሚንና የደም መርጋት ምርመራው፣ ማለትም አይኤንአር፣ «ጉበቱ ሥራውን እየሠራ ነው ወይ?» የሚለውን ይመልሳሉ።

ደረጃ 1፦ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

ለኤኤልቲና ለኤኤስቲ ጾም የግድ አይደለም። ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከስኳርና ከኮሌስትሮል ጋር አብሮ ስለሚታዘዝ ለ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ሳትበሉ ቆይታችሁ ጠዋት ብትመጡ ጥሩ ነው። ለኤኤልፒም ይጠቅማል። የደም ዓይነታቸው ኦ ወይም ቢ የሆኑ አንዳንድ ሰዎች ቅባት የበዛበት ምግብ ከበሉ በኋላ ከአንጀት የሚመጣ ኤኤልፒ ደማቸው ውስጥ ይጨምራል። ውኃ ግን ጠጡ። ውኃ የጠጣ ሰው ደም ሥሩ በቀላሉ ይገኛል።

ከባድ ስፖርት ከሠራችሁ ወይም ቀኑን ሙሉ ከባድ ዕቃ ስትሸከሙ ከዋላችሁ ምርመራውን ለጥቂት ቀናት አዘግዩት፣ ብትችሉ ለሳምንት። ጂም የጀመረ ወጣት ኤኤስቲው እጥፍ ሆኖ ይመጣና ቤተሰቡ በሙሉ ይጨነቃል። የጨመረው ኢንዛይም ግን ከጡንቻው ነው። ጥርጣሬ ካለ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ኢንዛይም ማየት ነገሩን ይለየዋል።

አልኮል ለተወሰኑ ቀናት አትቅመሱ። ጫት የምትቅሙ ከሆነ አትደብቁ። ሐረር ውስጥ የተደረገ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ፍለጋ ከሚደክም ቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። በተለይ የቲቢ፣ የኤችአይቪና የሚጥል በሽታ መድኃኒት። ውጤቱ እንዲያምር ተብሎ መድኃኒት አይቆምም። ምርመራው የሚደረገው መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ጉበታችሁ እንዴት እንደያዘው ለማወቅ ነው።

ደረጃ 2፦ የምትወስዱትን ሁሉ በወረቀት ጻፉ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ለእኔ ግን ከምርመራው እኩል ነው።

መድኃኒቶቹን ከነመጠናቸው ጻፉ። ፓራሲታሞል «መድኃኒት አይደለም» የሚል ሰው አለ። ጻፉት። ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ 8 ፍሬ ማለት ነው። የጉንፋን መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለ ሳይታወቅ መጠኑ ያልፋል። ቲቢ እየታከማችሁ ከሆነ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ሦስቱም ጉበት ላይ ጫና አላቸው።

የሐበሻ መድኃኒት ከወሰዳችሁም ንገሩ። ማንም አይቆጣችሁም፤ የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብለው ወደ ባህል ሐኪም የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ምን እንደጠጡ ሳይታወቅ ሳምንታት ያልፋሉ። የተሰጣችሁ ቅጠል ወይም ዱቄት ከተረፈ በላስቲክ አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ። ለሰውነት ግንባታ ወይም ለክብደት መቀነሻ የሚሸጡ ዱቄቶችና እንክብሎችም እዚሁ ይግቡ።

ምግብም ይቆጠራል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሆድ የሚነፋና ሰው የሚገድል የጉበት በሽታ ታይቶ፣ ለዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆይቷል። ምርመራው በመጨረሻ ያመለከተው ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል የአረም መርዝ የገባበትን እህል ነው። አንድ መንደር ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲታመም «ምን በላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከኢንዛይሙ ቁጥር የበለጠ መንገድ ያሳያል።

ደረጃ 3፦ ደም ሲቀዳ

ከመቀመጣችሁ በፊት ስማችሁንና ዕድሜያችሁን ራሳችሁ ተናገሩ። ባለሙያው ስማችሁን ጠርቶ «አቤት» ስላላችሁ ብቻ አይበቃም። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች አንድ ጠዋት ላይ ይገናኛሉ። ቱቦው ላይ ስማችሁ ሲለጠፍ አይታችሁ ተነሱ።

ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ሲቆይ ደሙ አንድ ቦታ ይከማችና ፕሮቲኑም ኢንዛይሙም ከልኩ በላይ ሆኖ ይታያል። እጅን ደጋግሞ መጨበጥና መዘርጋትም አያስፈልግም።

ደሙ የሚገባው ክዳኑ ቀይ በሆነ ወይም ቢጫ ክዳንና ጄል ባለው ቱቦ ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ለደም ቆጠራ ነው። ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለበት። ኤኤልፒ ለመሥራት ዚንክና ማግኒዝየም ይፈልጋል፤ ኢዲቲኤ ደግሞ ሁለቱንም ይይዛቸዋል። ከሐምራዊው ቱቦ ትንሽ እንኳ ወደ ቀዩ ከተጨመረ ኤኤልፒ በውሸት ዝቅ ይላል። ሁለቱም ምርመራ ከታዘዘ መጀመሪያ ቀዩ ወይም ቢጫው፣ ቀጥሎ ሐምራዊው ይቀዳል። ለተማሪዎች ደጋግሜ የምናገረው ይሄ ነው፦ አንድ ቱቦ ጎደለ ተብሎ ከሌላው አይገለበጥም።

ደሙ በሲሪንጅ ከተቀዳ መርፌው ተነቅሎ በቱቦው ግድግዳ በቀስታ ይውረድ። በመርፌ ቀዳዳ በኃይል ከተገፋ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ። ውስጣቸው ያለው ኤኤስቲ ወጥቶ ይቀላቀልና ጉበቱ የተጎዳ ያስመስላል።

ደረጃ 4፦ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሆነው

ይህን ክፍል በተለይ ለጀማሪ ባለሙያዎችና ለተማሪዎች ነው የምጽፈው። ሌሎቻችሁ ወደ ደረጃ 5 ብታልፉም ቅር አይለኝም።

ቱቦው ቆሞ 30 ደቂቃ ያህል ይረጋል። ሳይረጋ ከተሽከረከረ ሴረሙ (ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ ክር የመሰለ ነገር ይቀርና የማሽኑን መምጠጫ ይዘጋል። ከዚያ ሴንትሪፊውጅ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ቀዩ ከታች ይቀመጣል፣ ሴረሙ ከላይ ይቀራል።

አሁን ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት። ደህና ሴረም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ከጀርባው ያለ ጽሑፍ ይነበብበታል። ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሕዋሶቹ ፈንድተዋል፤ ደሙ እንደገና ይቀዳ። ነጭና ደፍራሳ ከሆነ ቅባት በዝቶበታል፣ ብርሃኑን ያውካል። ጠቆር ያለ ብርቱካናማ ከሆነ ቢሊሩቢኑ ከፍ ማለቱን ማሽኑ ሳይነግራችሁ አውቃችኋል። ይህን የዓይን ምርመራ መዝለል የለም። ማሽኑ ያልተበላሸ ናሙና እንደተሰጠው አድርጎ ነው ቁጥር የሚያወጣው።

ማሽኑ ኢንዛይሙን አይቆጥርም፤ የሚለካው ሥራውን ነው። ለኤኤልቲ ሪኤጀንቱ (ለምርመራው የሚጨመረው ኬሚካል) ውስጥ አላኒን አለ። ኤኤልቲ አላኒኑን ወደ ፓይሩቬት ይቀይራል። ሌላ ኢንዛይም ፓይሩቬቱን ሲቀበል ኤንኤዲኤች የሚባለው ይጠፋል። ኤንኤዲኤች በ340 ናኖሜትር ብርሃን ይመጥጣል። ስለዚህ የሚመጠጠው ብርሃን በየደቂቃው በቶሎ ከቀነሰ ኤኤልቲው ብዙ ነው ማለት ነው። ለኤኤስቲም አካሄዱ ይሄው ነው፣ መነሻው ግን አስፓርቴት ነው። ኤኤልፒ ደግሞ ቀለም የሌለውን ነገር ወደ ቢጫ ይቀይራል፤ በ405 ናኖሜትር ይነበባል። ሁሉም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራል። ሙቀቱ ከተዛነፈ ቁጥሩም ይዛነፋል።

የሰው ናሙና ከመግባቱ በፊት መጠኑ የታወቀ ኮንትሮል፣ ዝቅተኛውም ከፍተኛውም፣ ይሠራል። ኮንትሮሉ ከገደቡ ከወጣ የማንም ውጤት አይለቀቅም፣ ሰልፉ እስከ በር ቢደርስም። ናሙናው በዕለቱ የማይሠራ ከሆነ ሴረሙ ተለይቶ ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ተራው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በ-20 ዲግሪ፣ ማስቀመጥ ግን ለኤኤልቲ ጥሩ አይደለም፤ ኃይሉ ይቀንሳል።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱን ማንበብ

መጀመሪያ አሃዱን እዩ። ኢትዮጵያና አሜሪካ ውስጥ ዩኒት በሊትር ነው የሚጻፈው። ስዊድን ያላችሁ ግን ኤኤልቲ 0.80 የሚል ቁጥር አይታችሁ አገር ቤት ካለ ዘመዳችሁ 45 ጋር እንዳታወዳድሩ። የእናንተ በማይክሮካታል ነው። በ60 አባዙት፦ 0.80 ማለት 48 ዩኒት ነው። ቢሊሩቢንም እንዲሁ በሁለት መንገድ ይጻፋል። በሚሊግራም የተጻፈውን በ17.1 ስታባዙ ማይክሮሞሉን ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ ከቁጥሩ ጎን ያለውን መደበኛ ልክ እዩ። ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል። ብዙዎቹ ለኤኤልቲ የላይኛውን ገደብ 40 አካባቢ ያደርጉታል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ ግን ዝቅ ያደርገዋል፦ ጤነኛ ወንድ ከ29 እስከ 33፣ ጤነኛ ሴት ከ19 እስከ 25። ስለዚህ ኤኤልቲዋ 38 የሆነ ሴት ወረቀቷ ላይ ምንም ምልክት ባይደረግበትም፣ ሄፓታይተስ ቢ ካለባት ወይም ስኳርና ውፍረት ካለባት ቁጥሩን እንዲሁ አልፈው አይሂዱ።

አሁን ቁጥሩን ወደ እጥፍ ቀይሩት። «ኤኤልቲዬ 120 ነው» ከማለት «የላይኛው ገደብ 3 እጥፍ ነው» ማለት ለሐኪሙም ለእናንተም የበለጠ ይናገራል። ከ2 እስከ 5 እጥፍ መለስተኛ ነው። ስብ የያዘ ጉበት፣ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ፣ መድኃኒት እዚህ ይገኛሉ። ከ5 እስከ 15 እጥፍ መካከለኛ ነው። ከ15 እጥፍ በላይ ከባድ ነው። ኤኤልቲ በሺዎች ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፦ ድንገተኛ የቫይረስ ሄፓታይተስ፣ እንደ ፓራሲታሞል ያለ መርዝ፣ ወይም የደም ግፊት ወርዶ ጉበት ደም ያጣበት ሁኔታ። ፓራሲታሞል ብዙ የዋጠ ሰው ካለ ኢንዛይሙ ከፍ እስኪል አትጠብቁ። ማርከሻው፣ ኤን አሴቲል ሲስቲን፣ በተለይ የሚጠቅመው ከተዋጠ በኋላ ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ኢንዛይሙ ከፍ የሚለው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ሁለቱን አወዳድሩ። ይህን ጥምርታ ወደ ምርመራ ያመጣው ጣሊያናዊው ፈርናንዶ ዴ ሪቲስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። ኤኤስቲ ከኤኤልቲ ከ2 እጥፍ በላይ ከሆነ አልኮል ይጠረጠራል። በአልኮል ጉዳት ኤኤስቲ ከ300 በላይ የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው፤ ካለፈ ሌላ ነገር ተጨምሯል ብላችሁ ፈልጉ። በስብ ጉበትና በቫይረስ ብዙ ጊዜ ኤኤልቲ ይበልጣል። ቆይቶ ጉበቱ ጠባሳ ሲይዝና ሲጠነክር ግን ኤኤስቲ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ጥምርታው ተገለበጠ ማለት ሁልጊዜ «ጠጥተሃል» ማለት አይደለም። ይህን በቤተሰብ ውስጥ ለጸብ የሚያውሉ ሰዎች አሉና አደራ።

ደረጃ 6፦ ጉዳቱ ከሕዋሱ ነው ወይስ ከሐሞት መውረጃው?

ለዚህ ቀላል ስሌት አለ። ኤኤልቲን ለላይኛው ገደቡ አካፍሉ። ኤኤልፒንም ለላይኛው ገደቡ አካፍሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ።

ለምሳሌ ኤኤልቲ 320፣ ገደቡ 40፦ 8 እጥፍ። ኤኤልፒ 120፣ ገደቡ 120፦ 1 እጥፍ። 8 ሲካፈል ለ1፣ 8። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳቱ የሕዋስ ነው። ቫይረስና መድኃኒት ይፈለጋል።

ሌላ ሰው፦ ኤኤልቲ 80፣ 2 እጥፍ። ኤኤልፒ 480፣ 4 እጥፍ። ውጤቱ 0.5። 2 እና ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ የሐሞት ነው። ቀጣዩ ሥራ አልትራሳውንድ ነው፣ ጠጠር ወይም የሰፋ ቱቦ ለማየት። በመሃል ያለው ድብልቅ ነው።

ኤኤልፒ ግን አጥንት ውስጥም አለ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ ስብራቱ እየዳነ ያለ ሰው፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ያለች ነፍሰ ጡር ኤኤልፒያቸው ከፍ ይላል፣ ጉበታቸው ግን ምንም አልሆነም። በነፍሰ ጡሯ ከእንግዴ ልጅ ነው የሚመጣው። ጂጂቲ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አጥንት ጂጂቲን ከፍ አያደርግም። ሁለቱም አብረው ከፍ ካሉ ምንጩ ጉበት ነው።

ደረጃ 7፦ «ኖርማል» ሲል አትዘናጉ

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው በዚህ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ሰው ይታከማል። «ኖርማል» የተባለው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል።

ሄፓታይተስ ቢ ደሙ ውስጥ ያለ ሰው ኤኤልቲው ለዓመታት ደህና ሊሆን ይችላል። ሲሮሲስ (ጉበቱ ጠባሳ ይዞ የጠነከረበት በሽታ) ያለበት ሰው ኢንዛይሙ ልክ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ሕዋሱ በጠባሳ ስለተተካ የሚፈስ ብዙ አልቀረም። ጣና አካባቢ እንደሚታየው የአንጀት ቢልሃርዚያ የያዘው ሰውም ጣፊያው አብጦ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ኢንዛይሞቹ ብዙም ላይነቃነቁ ይችላሉ፤ ጉዳቱ የደም ሥሮቹ ዙሪያ ነውና።

ስለዚህ ጠባሳ መኖሩን ለመገመት ሌላ ስሌት ይሠራል። ፊብ-4 ይባላል። የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ኤኤስቲ፣ ኤኤልቲ እና ከደም ቆጠራ ላይ የሚገኘው ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ነው። ዕድሜን በኤኤስቲ አባዙ። ፕሌትሌትን በሺህ ቆጥራችሁ (130 ሺህ ከሆነ 130) በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት አባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ።

አንድ የ52 ዓመት ሰው እንውሰድ። ኤኤስቲ 70፣ ኤኤልቲ 49፣ ፕሌትሌት 130 ሺህ። 52 በ70፣ 3640። የ49 ስኩዌር ሩት 7 ነው፤ 130 በ7፣ 910። ሲካፈል 4። ከ1.3 በታች ቢሆን ጠባሳው አያሰጋም ነበር። ከ2.67 በላይ ስለሆነ ግን ይህ ሰው ወደ ጉበት ሐኪም መሄድ አለበት። ኤኤልቲው እኮ 49 ብቻ ነው! ወረቀቱን ለብቻው ያየ ሰው «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብሎ ይሸኘው ነበር።

ሌላው አፕሪ ነው፦ ኤኤስቲን ለላይኛው ገደቡ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፣ ለፕሌትሌት አካፍሉ። ገደቡ 40 ከሆነ የዚሁ ሰው 1.35 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ አዋቂ ሰው አፕሪው ከ0.5 ካለፈ ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል። ከ1 በላይ ሲሮሲስን ያስጠረጥራል። ውድ ማሽን የሌለበት ጤና ጣቢያ ይህን በስልክ ካልኩሌተር ሊሠራው ይችላል።

ደረጃ 8፦ ምክንያቱን ፈልጉ

ኢንዛይሙ ከፍ ካለ፣ ሌላ አስጊ ምልክት ከሌለ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገም። በዚያው ላቦራቶሪ ቢሆን ይመረጣል። ደጋግሞ ኤልኤፍቲ ብቻ ማሠራት ግን ገንዘብ መጨረስ ነው። ከሁለተኛው በኋላ ገንዘባችሁን ምክንያቱን በሚያሳይ ምርመራ ላይ አውሉት።

የመጀመሪያው የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሄፓታይተስ ቢ እንዲመረመር ይመክራል። ሐኪማችሁ ካላነሳው እናንተ ጠይቁ። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመሄድ በሚደረገው ምርመራም ሁለቱ ቫይረሶች ይታያሉ። ቫይረሱ እንዳለባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ የሚሰሙ ወጣቶች አሉ። «አንፊት» (ለሥራ ብቁ አይደላችሁም) ተብለው ወረቀቱን ተቀብለው በኀዘን ወደ ቤት ይሄዳሉ። ቪዛው ቢቀር እንኳ ያ ወረቀት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ሕክምና አለ። ቴኖፎቪር በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ጀምሯል።

ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ስኳር፣ ክብደት። የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ይህን ልክ እወቁ፦ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም ወይም የዓይን ቢጫነት እያለ ኤኤልቲ 3 እጥፍ ከደረሰ፣ ወይም ምንም ሳይሰማችሁ 5 እጥፍ ካለፈ፣ መድኃኒቱ እንዲቆም ሐኪሙ ያዛል። በተለየ ቅደም ተከተልም መልሶ ያስጀምራል። ይህን የሚወስነው እሱ ነው።

«ጉበት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጥ ሻይና እንክብል አትግዙ። የተጎዳ ጉበት ላይ ያልታወቀ ነገር መጨመር ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር

ዓይን ቢጫ ከሆነና ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሂዱ። ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚነቃ ከሆነ፣ ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው ጥቁር ከሆነ ድንገተኛ ክፍል። ነፍሰ ጡር ሆና በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚያማት፣ ወይም ሽፍታ ሳይኖር መዳፏና ውስጥ እግሯ የሚያሳክካት ሴት አትጠብቅ። ሄፓታይተስ ኢ በእርግዝና ጊዜ በጣም ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጋምቤላ የስደተኛ መጠለያዎች ውስጥ ወረርሽኙ ተከስቶ ነበር።

ኤኤልቲ ከ3 እጥፍ በላይ ሆኖ ቢሊሩቢንም ከ2 እጥፍ በላይ ከሆነ፣ በተለይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ፣ ነገሩ ከባድ ነው። ሌላም አለ። ኤኤስቲ ደም ውስጥ በ17 ሰዓት፣ ኤኤልቲ በ47 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳሉ። በሽተኛው እየተሻለው ቁጥሩ ከወረደ መልካም ነው። ቁጥሩ እየወረደ አይኤንአር ከጨመረ ግን ደስ አይበላችሁ፤ የሚፈስ ሕዋስ እያለቀ ሊሆን ይችላል። በፍጥነት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላክ።

ከዚያ በኋላ

ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አንድ ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፣ ፎቶም አንሡአቸው። ሐኪም የሚፈልገው የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የባለፈውንም ነው። ሄፓታይተስ ቢ ኖሮባችሁ ሕክምና ያልጀመራችሁ፣ በየ6 ወሩ ወይም ቢዘገይ በዓመት አንዴ ኤኤልቲና ፕሌትሌት አስለኩ።

በዚያው ሳምንት ደግሞ የትዳር ጓደኛችሁን፣ ልጆቻችሁንና እህት ወንድሞቻችሁን አስመርምሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በፔንታቫለንት (አምስት በሽታ በሚከላከለው ክትባት) ውስጥ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ አልተከተቡም። ከቫይረሱ ነጻ የሆኑት ሦስት ጊዜ ይወጋሉ፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር። የሚረሳው ሦስተኛው ነው፤ ቀኑን ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት።